በአሜሪካ በአካባቢ ደረጃ ለሚሠራ የፍትሕና የጸጥታ ሥራ የመንግሥት ድጎማ እንዴት ይጠየቃል?

በአሜሪካ የሚገኙ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ለወጣቶች ምክር፣ ከእስር ለተፈቱ ሰዎች ድጋፍ ወይም ለወንጀል ተጎጂዎች እገዛ የፌዴራል ድጎማ ሲጠይቁ ጉልበታቸውን ሁሉ የሚያፈሱት ማመልከቻው ላይ ነው፤ ለማን እንደሚቀርብ ግን በቅጡ ሳያጣሩ ይነሣሉ። በዚህም ምክንያት ብዙ ሌሊት የታደረበት ጽሑፍ «ድርጅታችሁ በቀጥታ ማመልከት አይችልም» በሚል የአንድ መስመር መልስ ይመለሳል። ስለዚህ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የገንዘቡ መንገድ ነው።

ከእነዚህ ድጎማዎች በስፋት የሚታወቀው በኤድዋርድ በርን ስም የተሰየመው የፍትሕ ድጋፍ ድጎማ ሲሆን፣ በሥራው ያሉ ሰዎች በአጭሩ «ጃግ» ይሉታል። በርን የ22 ዓመት የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1988 በኩዊንስ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ሻጮችን ያጋለጠ ነዋሪን ቤት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቅ ተገደለ። ድጎማውን የሚያስተዳድረው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የፍትሕ ድጋፍ ቢሮ ነው። ለየክፍለ ግዛቱ የሚደርሰው ድርሻ በቀመር የሚሰላ ሲሆን፣ ግማሹ የሕዝብ ብዛትን፣ ግማሹ ደግሞ የተመዘገበውን የኃይል ወንጀል መጠን ይከተላል። ከዚያ 60 በመቶው ለክፍለ ግዛቱ መንግሥት፣ 40 በመቶው በቀጥታ ለከተሞችና ለካውንቲዎች ይሄዳል፤ ስሌቱ ከ10,000 ዶላር በታች ያወጣላቸው ትንንሽ አካባቢዎች ድርሻ ግን በክፍለ ግዛቱ በኩል ይከፋፈላል።

እንግዲህ በዚህ ድጎማ የቀጥታ አመልካቹ መንግሥት ነው፤ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሚገባው ንዑስ ተቀባይ፣ ማለትም ከዋናው ተቀባይ ላይ ድርሻ የሚያገኝ ሆኖ ነው። ለዚህም ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው ክፍለ ግዛቱ ድጎማውን እንዲያስተዳድር የሰየመው መሥሪያ ቤት የሚያወጣው የውድድር ጥሪ ነው። ሁለተኛው ከተማው ወይም ካውንቲው ራሱ ነው፤ ይህን በር ብዙዎች አያንኳኩትም። ሕጉ እንደሚያዝዘው የአካባቢው መንግሥት ማመልከቻውን ከማስገባቱ ቢያንስ 30 ቀናት አስቀድሞ ለምክር ቤቱ ወይም ለተመሳሳይ አካል ማቅረብ፣ ነዋሪዎችም አስተያየት የሚሰጡበትን ዕድል መክፈት አለበት። እኔ እንደማየው ግን ማስታወቂያው በወጣበት ዕለት ገንዘቡ በአብዛኛው ለፖሊስ መሣሪያና ለትርፍ ሰዓት ክፍያ ተደልድሎ ያልቃል። ስለዚህ ረቂቁን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ ማን እንደሆነ በስልክ ጠይቆ፣ ከጥሪው ብዙ ወራት ቀድሞ አንድ ገጽ የሥራ ሐሳብ ይዞ መገናኘት በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ከሚደረግ የሦስት ደቂቃ ንግግር እጅግ ይሻላል።

ገንዘቡ ለብዙ ዓይነት ሥራ ይውላል፤ ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ አንሥቶ እስከ ወንጀል መከላከል ትምህርት፣ የአመክሮ አገልግሎት፣ የሱስ ሕክምና፣ የአእምሮ ጤና ቀውስ ምላሽና የምስክሮች ድጋፍ ይደርሳል። የማይንቀሳቀስ ንብረት መግዣና፣ ከማረሚያ ቤት በቀር፣ የግንባታ ወጪ ግን አይፈቀድም። ሥራዎ በዋናነት የወንጀል ተጎጂዎችን ማገዝ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው ሕግ የተቋቋመውን የወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ ቢመለከቱ ይበጃል፤ ምንጩ በአብዛኛው በፌዴራል ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች የሚከፍሉት መቀጮ እንጂ የግብር ገንዘብ አይደለም፤ የሚደርሰውም በክፍለ ግዛቶች በኩል ነው።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ነባር በጀትን በድጎማ መተካትን የሚከለክለውን ደንብ ነው። ከተማው ለሁለት የአመክሮ አማካሪዎች ደመወዝ መድቦ ሳለ ድጎማው ሲመጣ የአንዱን ደመወዝ ወደ ድጎማው አዙሮ የራሱን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ቢያውል ደንቡን ጥሷል፤ ሁለቱን እንደያዘ ሦስተኛ ቢቀጥር ግን ትክክል ነው። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ አሁን ምን አለ፣ ማን ይከፍለዋል፣ ድጎማው የሚጨምረው ምንድን ነው የሚለው ገምጋሚው ፈልጎ የሚያገኘው ሳይሆን በግልጽ የሚያነበው መሆን አለበት።

ቀጥሎ ምዝገባው ይመጣል። ማንኛውም ተቀባይ ሳም ዶት ጎቭ (SAM.gov) ከተባለው የፌዴራል ድረ ገጽ 12 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር ያወጣል። በፌዴራል ደንብ ለንዑስ ተቀባይ ቁጥሩ ብቻ ይበቃዋል፤ አንዳንድ ሰጪዎች ግን በየዓመቱ የሚታደሰውን ሙሉ ምዝገባ ይጠይቃሉ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ገንዘብ ክፈሉና እናስመዝግባችሁ የሚል ደብዳቤ ከደረሰዎ ይጣሉት። አንድ ጊዜ ያገዝሁት ማኅበር በምሥረታ ሰነዱ ላይ የቀድሞው ጽሕፈት ቤት አድራሻ፣ በባንክ ወረቀቱ ላይ ደግሞ አዲሱ ስለነበረ፣ ሁለቱን አስታርቆ ቁጥሩን ለማግኘት አምስት ሳምንት ፈጀበት፤ የማመልከቻው ቀን በዚህ መካከል አለፈ። ስምና አድራሻ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ጥሪ ሳይወጣ ማረጋገጥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ችግሩን የሚገልጸው ክፍል ጠባብና በቁጥር የተደገፈ ይሁን። «በአካባቢያችን የወጣቶች ወንጀል አሳሳቢ ሆኗል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለገምጋሚ ምንም አይነግረውም። ይልቁንም ከፖሊስ ጣቢያው የሦስት ዓመት መረጃ ጠይቆ፣ የትኞቹ መንገዶች ላይ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው የዕድሜ ክልል ያሉ ልጆች እንደሚያዙ ማሳየት፣ ከዚያም ድርጅቱ ከእነዚህ ስንቱን፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያገኝ መናገር ይገባል። የእኛ ድርጅቶች ልማድ ሆኖ የማኅበሩ ታሪክ ሦስት ገጽ፣ የሚሠራው ሥራ ግማሽ ገጽ ይወስዳል፤ ይህ መገልበጥ አለበት።

በጀቱም እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያሳይ። ለምሳሌ ዓመታዊ ደመወዙ 52,000 ዶላር የሆነ አማካሪ 40 በመቶ ጊዜውን በዚህ ሥራ ላይ ካዋለ 20,800 ዶላር፣ ጥቅማ ጥቅሙ በ25 በመቶ ከተሰላ 5,200 ዶላር፣ ድምሩ 26,000 ዶላር ይሆናል። ኪራይ፣ መብራትና የሒሳብ ሠራተኛ ለመሰሉ የጋራ ወጪዎች ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተደራደረበት ተመን የሌለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ወዲህ በፌዴራል ደንብ ከቀጥታ ወጪዎቹ እስከ 15 በመቶ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሆኖም የጥሪው ሰነድ ለአስተዳደር ወጪ ያስቀመጠው ገደብ ካለ አስቀድሞ ይነበብ።

ድጎማው ከተፈቀደ በኋላ ትናንሽ ድርጅቶችን የሚያንገዳግደው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ብዙ ሰጪዎች የሚከፍሉት ወጪው ከወጣና ደረሰኙ ከቀረበ በኋላ ስለሆነ፣ የሁለት ወይም የሦስት ወር ደመወዝ ከራስ ሒሳብ መሸፈን ይቻል እንደሆነ ውሉ ሳይፈረም በቦርዱ መወሰን አለበት። ከላይ ያለው አማካሪ በየሳምንቱ የሠራበትን ሰዓት በየሥራው ለይቶ ካልመዘገበና ኃላፊው ካልፈረመበት፣ 40 በመቶ የተባለው ቁጥር በኦዲት ጊዜ ማስረጃ አይኖረውም፤ የተከፈለውም ገንዘብ ተመላሽ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ የሰዓት መዝገብ ከደረሰኞቹ ጋር፣ የመጨረሻው የሒሳብ ሪፖርት ከገባ በኋላ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ተጠብቆ ይቆያል።