ያገለገለ ኒሳን ሊፍ ስትገዙ መጀመሪያ ባትሪውን እዩ

ኒሳን ሊፍን በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገበያ ላይ ያወጣው ተራ ቤተሰብ በየቀኑ የሚነዳው የኤሌክትሪክ መኪና እንዲሆን ነው። ያገለገለ ስትገዙ ግን ኪሎሜትሩን ብቻ አይታችሁ ገንዘብ እንዳትከፍሉ! መኪናውን አስነሱና ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከቻርጅ መለኪያው ጎን የተደረደሩትን ትንንሽ መስመሮች ቁጠሩ። አዲስ ሲሆን 12 ናቸው። የመጀመሪያዋ ስትጠፋ ባትሪው ከአቅሙ 15 በመቶ ገደማ አጥቷል ማለት ነው፣ የፈለገውን ያህል ቻርጅ ብታደርጉት አይመለስም። የድሮዎቹ ባትሪ በፈሳሽ ስለማይቀዘቅዝ ሙቀት ክፉኛ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ሞቃት አገር የኖረውን ደግማችሁ መርምሩት። ሶኬቱንም እዩ። ፈጣን ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬት ቻዴሞ ይባላል፣ እሱ ጭራሽ የሌላቸው ሊፎችም አሉ። በአካባቢያችሁ የቻዴሞ ጣቢያ ከሌለ ሌሊት ቤት ቻርጅ ማድረግ ግድ ነው፣ ለከተማ ምልልስ ግን እሱም ይበቃል። እኔ ከ10 መስመር በታች የቀረውን፣ ዋጋው በጣም ካልወረደ በቀር፣ አልገዛም።