ያረጀ ውሻ በጠና ሲታመም ሕክምናውን እንዴት እንወስን?

«አርጅቷል እኮ» ተብሎ ከሚታለፈው ሕመም ውስጥ የሚድን ስላለ መጀመሪያ ያስመርምሩት። ሐዋሳ ላሉ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ አለው፤ እዚያ ይጠይቁ። ድዱ የገረጣና የሚነስረው ውሻ መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ 28 ቀን ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ብልት ላይ የሚወጣው የሚደማ እብጠት በስሪያ የሚተላለፍ ካንሰር ከሆነ፣ በሳምንት አንዴ በሚሰጥ ቪንክሪስቲን የተባለ የካንሰር መርፌ አብዛኛው ከ4 እስከ 6 ዙር ይጠፋል። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ግን ሥጋ ስለሚያቆስል ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። ያልተመከነች ሴት ውሻ ወንድ ከፈለገች ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ውኃ አብዝታ እየጠጣች ካስመለሳት ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ይሆናል፤ ለነገ አይባልም።

ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ወይም መንጋጋው ወርዶ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አያስገቡ። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህም ይጀምራል።

ቤት ውስጥ ደብተር ይያዙ፤ በላ፣ ጠጣ፣ ራሱ ተነሳ፣ በር ሲከፈት ጅራቱን ቆላ። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ይቁጠሩ። የጤነኛ ውሻ ከ30 በታች ነው። የቀን ሙቀት ስለሚያስለከልከው ማታ ወይም ንጋት ላይ ቢቆጥሩ ይሻላል።

ከባዱ ውሳኔው ነው። ሐኪሙን «ሕክምናው ያድነዋል ወይስ ያቆየዋል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። የኩላሊት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሕመሙ የቆየ ከሆነ፣ በደም ምርመራ ክሬቲኒን (ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወግደው ቆሻሻ) ከፍ ብሎ ሲታይ ከኩላሊቱ አቅም ሦስት አራተኛ ያህሉ ሄዷል። በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ቀና ቢልም የሄደው አይመለስም። ስለዚህ ሕክምናው ሳይጀመር ቀንና ምልክት ይቁረጡ፦ «በ7 ቀን ራሱ ተነስቶ ካልበላ እናቆማለን»። ቤተሰቡም ሐኪሙም ይስማ። ከተጀመረ በኋላ የወጣው ብር ራሱ «አንድ መርፌ ብቻ እንጨምር» ያሰኛል፤ ስቃዩን የሚሸከመው ግን ውሻው ነው። ቀኑ ሲደርስ ደብተሩን ይዩ። ከሳምንቱ መጥፎ ቀኖቹ ከበዙ መልሱ እዚያው አለ።

እስከዚያው ለሰው የታዘዘ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይስጡት። ጨጓራውን ያደማል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። የውሻ ማስታገሻ ከሐኪም ይጠይቁ።

እንዲያርፍ ከተወሰነ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያደነዝዝ መርፌ ወግቶት ከዚያ የመጨረሻውን በደም ሥሩ ይስጠው። መርዝ በፍጹም! ስትሪክኒን የተባለው የውሻ መርዝ ነፍሱን እያወቀ ነው የሚያንፈራግጠው። ጉድጓዱ ቢያንስ 1 ሜትር ይቆፈር፣ ከውኃ ጉድጓድም ይራቅ። የማሳረፊያው መድኃኒት ሥጋው ውስጥ ስለሚቆይ ሐይቅ ዳር የተጣለ ሬሳ የበላውን ጥንብ አንሳና ሌላ ውሻም ይገድላል።