ቧንቧው ሲመለስ የመጀመሪያውን ውሃ አትጠጡት

ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ የባሕር ዳር ሰው የሚያደርገው አንድ ነው። ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር ይሰለፋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ይነሳል። አይፈረድብንም፣ መቼ ተመልሶ እንደሚሄድ አይታወቅማ። ችግሩ ግን በዚያ ጥድፊያ መጀመሪያ የምንቀዳው ውሃ ከሁሉም የባሰው መሆኑ ነው። ብዙ ቤት ደግሞ ለመጠጥ የሚቀመጠው እሱው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቱቦው ውስጥ ውሃ በግፊት እየሄደ እስከሆነ ድረስ፣ የሆነ ቦታ ቢሰነጠቅ እንኳን ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ የውጭው ወደ ውስጥ አይገባም። ውሃ ሲቋረጥ ነገሩ ይገለበጣል። ግፊቱ ይጠፋል፣ ቱቦውም በስንጥቁና በላላው መጋጠሚያ በኩል በዙሪያው ያለውን እርጥበት መሳብ ይጀምራል። ቱቦው የሚያልፈው በጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ ወይም በሰው ሽንት ቤት አጠገብ ከሆነ ምን እንደሚስብ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከዚያ ውሃ ሲለቀቅ ያ ሁሉ ከዝገቱና ከደለሉ ጋር ተጠራርጎ መጀመሪያ የሚወጣው እናንተ ግቢ ነው።

ስለዚህ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ሮቶው የሚያስገባውን መዝጊያ ዝጉ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የግቢውን ቧንቧ እያጠራን ሳለ ያው ቆሻሻ ውሃ በሌላው መስመር ሮቶው ውስጥ እየገባ ነው፣ እዚያ ገብቶ ደግሞ ለሳምንታት ይቀመጣል። መዝጊያው ከተዘጋ በኋላ ቅርቡን ቧንቧ ክፈቱና ይውረድ። መድፋት አያስፈልግም፣ በበርሜል ያዙትና ለሽንት ቤት፣ ለወለል፣ ለአትክልት ይሁን። ለነጭ ልብስ ብቻ አታድርጉት፣ ዝገቱ ከያዘ አይለቅም። ቀለሙ ከጠራ በኋላም ትንሽ ጨምራችሁ አውርዱ፣ ከዚያ ሮቶውን ክፈቱ።

ጠራ አልጠራ የሚለውን በባልዲ አትዩት። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ቅዱና ነጭ ወረቀት ፊት አስቀምጡት። ብዙ ጊዜ ወተት መስሎ ይመጣል። ሰዉም «ክሎሪን አብዝተውበት ነው» ይላል። አይደለም። ነጩ ነገር ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየጠራ በደቂቃዎች ውስጥ ከጠፋ አየር ነው፣ ቱቦው ውስጥ ታምቆ የነበረ አየር በጥቃቅን አረፋ ሲወጣ እንደዚያ ያደርጋል፣ ምንም ጉዳት የለውም። ከላይ እየጠራ ታች የሚዘቅጥ ነገር ካለ ግን አፈር ወይም ዝገት ነው። ያ ውሃ ክሎሪን ብትጨምሩበትም በደንብ አይሠራለትም። ቆሻሻው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፣ ተሐዋስያኑም ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ይደበቃሉ።

ክሎሪን ካነሳን፣ ሽታውን አትጥሉት። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ቤታችሁ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ክሎሪን ይቅርበት ይላል፣ እስከ 5 ሚሊግራም ድረስ ለጤና ችግር አይቆጠርም። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ማለት ውሃው መንገድ ላይ ለሚገጥመው ነገር ጥቂት መከላከያ ይዟል ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሁልጊዜ ይሸት የነበረው ቧንቧ ድንገት ምንም ሳይሸት ሲቀር ነው። ሽታው ካስቸገራችሁ በንጹሕ ዕቃ ቀድታችሁ ሌሊቱን ከድናችሁ አሳድሩት፣ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የከተማው የቧንቧ ውሃ ከጣና የሚቀዳ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በዋናነት የሚመጣው ግን ከምንጮችና ከጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ሲበከልም ኩልል ያለ ሊሆን ይችላል። የዓይነ ምድር ባክቴሪያም፣ ናይትሬትም ዓይን አያያቸውም፣ ምላስም አይለያቸውም። «ጥርት ያለ ነው» ብሎ መጠጣት ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ግቢ ጉድጓድ እንምጣ፣ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ በብዙ ሰፈር ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ይገኛል። ቧንቧ ሲጠፋ እሱ ነው የሚያወጣን። ግን ከአፈሩ ስር ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ስንጥቅጥቅ ያለ። ወፍራም አፈር ውሃን እያጣራ ያሳልፋል፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን እንዳለ ነው የሚለቀው። በጉድጓድና በሽንት ቤት መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ይኑር የሚባለው በጥሩ አፈር ላይ ነው። በእኛ ግቢ ስፋት ያንን ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። የእናንተ ሽንት ቤት ቢርቅ የጎረቤት ሽንት ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃው ወደ ላይ ሲነሳ ሽንት ቤቱና ጉድጓዱ ይበልጥ ይገናኛሉ።

ጉድጓድ ባለበት ግቢ ማድረግ የሚቻለው ይሄ ነው። አፉን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በሲሚንቶ አስገንቡት፣ ዙሪያውን ጎርፍ እንዲሸሽ አዘቅዝቁት፣ ክዳን ይኑረው። መቅጃው ባልዲ አንድ ብቻ ይሁን፣ ገመዱም መሬት ላይ አይጣል። ውሃውን ለልብስ፣ ለዕቃ፣ ለቤት ተጠቀሙበት። ለመጠጥ ከሆነ ሳይፈላ አይጠጣ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የዱቄት ወተት የሚጠጣ ከሆነ ግን አፍልታችሁም ቢሆን በጉድጓድ ውሃ አትበጥብጡለት። ናይትሬት የሚመጣው ከሽንት ቤትና ከማዳበሪያ ነው፣ ማፍላት አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲቀንስ የቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ሲበዛ የሕፃኑ ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ይሄ ምልክት ከታየ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

ከሐይቁ ስለመቅዳት ብዙ አልልም፣ አትቅዱ። ዳር ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ መስሎ የሚንሳፈፈው ነገር መርዝ የሚያመነጭ ሊሆን ይችላል፣ መርዙ ደግሞ በማፍላት አይጠፋም። ልጆች እዚያ ውሃ ውስጥ አይግቡ፣ ከብትም አይጠጣው። ዳር ዳሩን ቢልሃርዚያም አለ። ከ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ስሙን የምንሰማው እምቦጭ ሌላ ጣጣ ነው፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ማፍላት ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው ግን ከሰል ያባክንበታል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ያም ቢሆን ለጀርም ከበቂ በላይ ነው። ተንተክትኮ መፍላት ከጀመረ አንድ ደቂቃ ጠብቁና አውርዱ። ሃያ ደቂቃ ማንተክተክ ትርፉ ከሰል መጨረስ ነው። በፈላበት ዕቃ ውስጥ ከነክዳኑ ይቀዝቅዝ። ካፈላችሁ በኋላ በቆሸሸ ጀሪካን ከገለበጣችሁት ግን ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

ቤት ውስጥ ጃርዲያና አሜባ እየተመላለሰ ካስቸገራችሁ ማፍላትን ምረጡ። ክሎሪን ለታይፎይድና ለኮሌራ ባክቴሪያ ጎበዝ ነው፣ ለእነዚህ ግን ይደክማል። ለሌላው ጊዜ እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ ከፋርማሲ ግዙ። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ስላለ እሱን ተከተሉ፣ ቀኑ ያለፈበት እንዳይሆን እዩ፣ አማስላችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ አስቀምጡት፣ ይዝቀጥ፣ ከዚያ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ ነው ማከሚያው የሚጨመረው። በረኪና ለመጠጥ ውሃ አልመክርም። ስንት ከመቶ እንደሆነ ያልተጻፈበት፣ ሽቶና ቀለም ያለበትም ይሸጣል።

ከሰልም ማከሚያም የሌለ ቀን ፀሐይ አለችን። ቀለም የሌለው፣ ያልተጫጫረ፣ ከ2 ሊትር ያልበለጠ ሃይላንድ በጠራ ውሃ ሙሉና ቆርቆሮ ላይ አጋድሙት። ጥሩ ፀሐይ ካለ 6 ሰዓት ይበቃል፣ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ይፈልጋል። በሐምሌ ዝናብ ግን አትመኑት።

እኔ እንደማየው ብዙው ብክለት የሚመጣው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ጣሳው ውሃው ውስጥ ይነከራል፣ ከጣሳው ጋር ጣትም ይነከራል። አፉ ጠባብ በሆነ ዕቃ አስቀምጡና አዘንብላችሁ ቅዱ፣ ወይም ከታች ቧንቧ ያለው ይሁን። ጀሪካን ውስጡ ቆሻሻ ይዞ ሲያዳልጥ ለማጠብ እጅ አይገባበትም። ጥቂት ንጹሕ ጠጠር፣ ሳሙናና ውሃ ጨምራችሁ ደህና አድርጋችሁ ናጡት፣ የጠጠሩ ፍትጊያ ይልጠዋል። ዘይት የነበረበት በደንብ ታጥቦ ይሠራል። ነዳጅ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበትን ግን ምንም ብታጥቡት ለውሃ አታድርጉት።

ሮቶውንስ መጨረሻ ያያችሁት መቼ ነው? ክዳኑን ክፈቱና በስልክ መብራት ታችውን እዩት። ቡናማ ጭቃ ይኖራል፣ ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ ደግሞ ነፍሳትም እንሽላሊትም አይጠፋም። ውሃው ሊያልቅ ሲል አጥቡት። የቀረውን አፍስሱ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ፣ ጭቃውን አውጡ። ትልቅ ሮቶ ውስጥ ሰው ብቻውን አይግባ። ከዚያ ለ1000 ሊትር ሮቶ 5 ከመቶ የሚል የተጻፈበት፣ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 1 ሊትር ጨምራችሁ በውሃ ሙሉት። የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ሽታው እስኪመጣ ክፈቱና ዝጉ፣ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። ይሄ ውሃ አይጠጣም፣ ልጆች ይወቁት። ሁሉንም አፍስሳችሁ በአዲስ ውሃ ካለቀለቃችሁ በኋላ ነው መጠቀም። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትደባልቁ፣ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። ከክረምት በፊት አንዴ፣ ከክረምት በኋላ አንዴ ብታጥቡት ጥሩ ነው።

ጥርጣሬ ካለ ማስመርመር ነው። የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ሆነ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማ ናቸው፣ የውሃ ምርመራ እንዴት እንደሚስተናገድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ናሙና በሃይላንድ ይዛችሁ አትሂዱ፣ የጸዳ ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ውሰዱ። ሲቀዳ የጠርሙሱን አፍ በእጅ አትንኩ፣ በቀዝቃዛ ነገር ይዛችሁ በዚያው ቀን አድርሱ። ሁለት ናሙና ይሻላል፣ አንዱ ከቆጣሪው አጠገብ፣ አንዱ ከምትጠጡበት ዕቃ። የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ሁለተኛው ከተበከለ ጉዳዩ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ውጤቱ ላይ ኢ ኮላይ በ100 ሚሊሊትር 0 መሆን አለበት፣ አንድም አይፈቀድም። ናይትሬት ከ50 ሚሊግራም በሊትር አይብለጥ፣ «እንደ ናይትሮጅን» ብለው ከጻፉት ግን ገደቡ 11 ነው፣ ይሄን ለይታችሁ ጠይቁ።

ውሃው ከተበላሸ ለውሃና ፍሳሽ ከመደወላችሁ በፊት ጎረቤት ጠይቁ። የእናንተ ብቻ ከሆነ ከቆጣሪ ወዲህ ያለውን መስመር ቧንቧ ሠራተኛ ይየው። መንደሩ ሁሉ ከሆነ ተሰባስባችሁ አመልክቱ። «ውሃችን ቆሽሿል» ብቻ አትበሉ። የቆጣሪ ቁጥር፣ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ ሰሞኑን የተቆፈረ መንገድ ካለ የት እንደሆነ፣ የብርጭቆውንም ፎቶ አያይዙ። የት ጋ መቆፈር እንዳለባቸው የሚያውቁት እንደዚህ ሲሆን ነው። መንደሩ ውስጥ የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ካለ ደግሞ ለውሃ ቢሮ ብቻ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ለጤና ጣቢያ ንገሩ። ለታመመው ኦ አር ኤስ በፈላ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣችሁ እየሰጣችሁ ውሰዱት፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።