ከጎንደር ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ፦ የቪዛ ዓይነት አመራረጥ

ቪዛ የሚመረጠው በጉዞው ዓላማ ነውና፣ ማመልከቻ ከመሙላትዎ በፊት የሚሄዱት ለጥየቃ፣ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይስ ከቤተሰብ ጋር ለመኖር መሆኑን ይለዩ። ጀርመን ያለች እህቱን ለመጠየቅ ለሚሄድ የአዘዞ ነዋሪ የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ (ጀርመንን ጨምሮ የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ መግቢያ ቪዛ) ይበቃዋል፤ ይህ ቪዛ በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን የሚያስቆይ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ይጠየቅበታል። ከዚያ በላይ ለመቆየት የፈለገ ሰው የዚያኑ አገር የረጅም ጊዜ ቪዛ መጠየቅ ይኖርበታል። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ በዚያው መቅረት የወደፊት ማመልከቻን ሁሉ ስለሚያበላሽ፣ ማንም እንዲሞክረው አልመክርም።

ብዙ ወገኖቻችንን የሚያሰናክለው የቀን አቆጣጠር ነው። ከቀበሌ የሚወጣ ማስረጃ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ፓስፖርት ደግሞ በአውሮፓውያኑ ስለሚጻፍና ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ፣ የልደት ቀንዎና የአያትዎ ስም አጻጻፍ በሁሉም ሰነድ አንድ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው በፊት ከ6 ወር ሳይቀድም፣ ከ15 ቀን ሳያንስ ይቀርባል፤ ቀጠሮው አዲስ አበባ ስለሆነ የመንገዱን ጊዜም ያስቡበት።