ለውሻና ለድመት ምግብ ሲመርጡ የሚታይ

ባሕር ዳር ውስጥ ለውሻ በቆሎ የሚቀቅሉ ከሆነ ትልቁ ስጋት እዚያው ላይ ነው። እርጥበት የገባው በቆሎ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚያበላሽ መርዝ ያመነጫል። ማፍላት ሻጋታውን ቢገድልም መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ ዱቄት ከመግዛት ፍሬውን ገዝቶ መልቀም ይሻላል። አንድ እፍኝ ነጭ ጨርቅ ላይ ይበትኑ፤ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ብናኝ ያለበት፣ የተሰነጠቀና የነቀዘ ፍሬ ከበዛ፣ ወይም እምክ እምክ ከሸተተ፣ ጆንያውን በሙሉ ይተዉት። ለዶሮም አይሆንም። መርዙ የገባበት ውሻ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል፣ ድዱም ቢጫ ይሆናል፤ ያኔ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም!

በግ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ እባክዎ ለውሻ አይጣሉ፤ በጥልቅ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆንና እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ልጆች እጅ ላይ ይደርሳል። ጤነኛ የሚመስለውንም 30 ደቂቃ ይቀቅሉ።

ለድመት የጣና ቀረሶ ዓሣ ጥሩ ነው፦ ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ያልሰረጎደ ይሁን፤ ቀቅለው እሾሁን በጣት ይልቀሙ።

የተረፈ ወጥ ግን ለሁለቱም አይሰጥም፤ ሽንኩርቱ ደማቸውን ይጎዳል።