ቅጠሉ ሲቀላ ኖቫ ስኮሺያ ለምትሄዱ

ቅጠሉን ለማየት ወደ ካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ያሰባችሁ፣ ከሴፕቴምበር ይልቅ የኦክቶበርን አጋማሽ ምረጡ። ቀለሙ የሚደምቀውም ያኔ ነው፤ የሄሪኬን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ስጋቱም ጨርሶ ባይጠፋ ይቀንሳል። ሴፕቴምበር ላይ ባሕሩ በሞቃቱ ወራት ያጠራቀመውን ሙቀት ገና አልለቀቀም፤ ሄሪኬኑን የሚያበረታውም ይህ ሙቀት ነው። ሁዋን (2003)፣ ዶሪያን (2019)፣ ፊዮና (2022) የተባሉት አውሎ ነፋሶች ሦስቱም የመቱት በዚሁ ወር ነው።

ትንበያው «ሄሪኬንነቱ አብቅቷል» ቢል እንዳትዘናጉ፤ ፊዮና እንዲያ ከተባለች በኋላ ነው ዛፍ የነቀለችው፣ ቤት ያፈረሰችው። ዛፉ ቅጠሉን ስላላራገፈ ነፋሱን እንደ ሸራ ይይዛል፣ ሲወድቅም የመብራት መስመር ይዞ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ እንደወጣ ነዳጅ ሙሉ፤ መብራት ከሌለ ማደያው አይቀዳም። ጥሬ ገንዘብም ያዙ።

ፔጊስ ኮቭ በተባለችው የባሕር ዳር መንደር ያለው፣ ማዕበል የሚያረጥበው ጥቁር ድንጋይ ላይ ግን ጸጥ ባለ ቀንም አትውጡ። ማዕበል የወሰዳቸው አሉ።