አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፦ የሳይንስ ልቦለድና ፋንታሲ መጻፍ ለምትፈልጉ

ጅማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከክፍል ስወጣ ደብተር ይዘው የሚከተሉኝ ተማሪዎች አሉ፤ «ቲቸር፣ ይቺን እይልኝ» ይላሉ። የፊዚክስ ጥያቄ ከሆነ መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን። ልቦለድ ከሆነ ግን ፈረንጅ አራዳ ጀበና ቡና የሚፈላበት ቦታ ሄደን ቁጭ እንላለን፤ እሱ በቆመበት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ከሚመጡልኝ ድርሰቶች ብዙዎቹ አጀማመራቸው ይመሳሰላል። ዘመኑ 3000 ዓ.ም. ነው፣ ከተማው ኒውዮርክ ነው፣ ሳይንቲስቱ ጆን ይባላል፣ መኪናው ይበራል፣ ሮቦቱ አምጿል፣ ጠፈር ላይ ጦርነት አለ። የጻፈው ልጅ ምናብ አላነሰውም። አሥር ነገር በአንዴ ስለለወጠ ግን አንዱንም እስከ ጫፉ ሊከተለው ጊዜ አላገኘም። እኔ የምለው፦ ከምታውቁት ዓለም አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ከዚያ ያ ነገር ጓዳ ሲገባ፣ ገበያ ሲወጣ፣ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ፣ ልቅሶ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ሳትሰለቹ ተከተሉት።

እስኪ አንድ አብረን እንሥራ። ከከተማችን ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በቡና ሥራው ይታወቃል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬን የሚያጠቃው በሽታ አገራችን በገባ ጊዜ ተመራማሪዎች ሌላው ሲጠቃ ያልተነካ ዛፍ እየፈለጉ ዘር ለቀሙ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው፤ 74 ቁጥሩ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። አሁን አንድ ነገር እንለውጥ፦ ከተለቀሙት ዛፎች የአንዱን ፍሬ የጠጣ ሰው ለአንድ ሰዓት መዋሸት አይችልም እንበል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ።

ይህን መጀመሪያ የሚደርስበት ማን ነው? ተመራማሪው አይመስለኝም። ቡናውን ቆልታ ለጎረቤት ያፈላችው ሴት ናት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ አንዷ ስንት ዓመት በሆዷ የያዘችውን ታወጣዋለች፤ በረካውን የሚጠብቅ ሰው አይኖርም፣ ተቀያይመው ይበተናሉ። ወሬው ሽማግሌዎች ዘንድ ይደርሳል። ባልና ሚስት ሲያስታርቁ፣ የድንበር ክርክር ሲያዩ፣ «መጀመሪያ ቡና ይቅረብ» ማለት ይጀምራሉ። ደላላው ጨጓራዬን ያመኛል ብሎ ቡና ያቆማል፤ ጅማ ላይ ቡና ያቆመ ሰው ምን ያህል እንደሚያስታውቅ ደግሞ ታውቃላችሁ። ልጅ ሊጠይቁ የተላኩ ሽማግሌዎች ሲኒው ሲቀርብላቸው ይጠጣሉ ወይስ ያመካኛሉ? ዳኛው እንደ ማስረጃ ይቀበለዋል? ኪሎው ስንት ይገባል? ችግኙን በሌሊት የሚነቅለው ማን ነው? ዛፉን የሚቆርጠውስ?

ታሪኩ ያለው የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው። መጥረቢያ የሚያነሳው ሰው የግድ ክፉ መሆን የለበትም። እኔ ብጽፈው መጥረቢያውን ለአንዲት እናት እሰጣታለሁ፤ ልጇ «አባቴ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ዕድሜ እየደረሰ ነው።

አንድ ተማሪ ይህን ሐሳብ ወስዶ እንዲህ ጀመረ፦ «በጅማ አካባቢ ሰውን እውነት የሚያናግር አስደናቂ ቡና ተገኘ።» ወሬው ተነግሮ አልቋል፣ ሰው ግን የለበትም። እንዲህ ብናደርገውስ አልኩት፦ «ለእኔ አትቅጂ» አሉ እማማ፣ ሲኒያቸውን ደፍተው። እኚህ ሴት ሲኒ ሲደፉ አይቼ አላውቅም። በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አስማት የሚል ቃል የለም፤ አንባቢው ሲኒው ለምን እንደተደፋ ሳያውቅ ግን አይተኛም። «አስደናቂ»፣ «ምስጢራዊ»፣ «ተአምራዊ» የሚሉትን ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አውጡና የሰው እጅ የሠራውን ነገር በቦታቸው አስገቡ።

የሳይንስ ልቦለድ የምትጽፉ ደግሞ ቁጥሩን ሥሩት። ስሌት ምናብን ያስራል የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል 1,780 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ጀበናችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማርስ ላይ የተሠራ ቤት አስቡ፤ ውስጡ ያለው የአየር ግፊት የምድር ባሕር ጠለል ግማሽ ቢሆን ውሃው 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ጀበናው ይገነፍላል፣ ቡናው ግን እንደለመድነው አይወጣም። የማርስ ስበት የምድር 38 በመቶ ያህል በመሆኑ አተላው እስኪዘቅጥ የሚጠበቀው ጊዜ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይረዝማል። በዚያ በተረፈው ጊዜ ምን ይወራል? ሁለት መስመር ስሌት አንድ ሙሉ ትዕይንት ሰጠን።

የዘመን አቆጣጠሩን ሳገኘው ደግሞ ራሴ ተደስቻለሁ። የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ይሆናል፤ ዓመቷ በራሷ ቀን ሲቆጠር 668.6 ነው። በእኛ ልማድ ወሩን 30 ቀን ብናደርገው 22 ወር ይሞላና 8 ወይም 9 ቀን ይተርፋል። ጳጉሜን ማለት ነው! እዚህ አምስቷን ቀን ያለ ደመወዝ ለማለፍ የምንሆነውን አስታውሱና ማርስ ላይ ማዕድን የሚቆፍር የጅማ ልጅ ዘጠኝ ቀን ያለ ክፍያ ሥራ ሲባል ምን እንደሚል ጻፉት። የሥራ ማቆም አድማ ይወጣዋል፣ ፍቅር ይወጣዋል፣ ክህደት ይወጣዋል። ከምድር ጋር መነጋገርም እንዲሁ ነው፤ መልእክት ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። «እንዴት ነህ፣ ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ» እየተባባሉ መቀባበል ስለማይቻል ሰላምታችን ምን መልክ ይይዛል? ገጸ ባሕርያችሁ ሙስሊም ከሆነ ቂብላው ወዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያዊው ጠፈርተኛ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ የአገሩ የሃይማኖት ሊቃውንት ስለ ሶላቱና ስለ ጾሙ መመሪያ አውጥተውለታል። እኛ ልብ ወለድ ውስጥ ለመጠየቅ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

ፋንታሲ ላይ የማየው የድንጋይ ግንብና እሳት የሚተፋ ዘንዶ ነው። እስኪ አንድ ቀን ደብተር ይዛችሁ ጅሬን ኮረብታ ውጡ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ነው፤ በረንዳው ላይ ቆማችሁ ከዚያ ሆኖ የሚታየውንም የማይታየውንም መዝግቡ። ከዚያ ሐሙስ ገበያ ሂርማታ ውረዱ። በቅፍለት ነጋዴዎች ዘመን እዚህ ገበያ ቡና፣ ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር፤ መገበያያው አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ፋንታሲያችሁ ከዚህ ሕመም እንዲሸሽ አትፍቀዱለት፤ ንጉሡ ብቻ የሚያምርበት ዓለም ግማሽ ዓለም ነው።

የጊቤ መንግሥታት በድንበራቸው ላይ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዉ ነበር፤ ሞጋ ይባላል። መግቢያው ላይ ኬላ አለ፣ ኬላው ላይ ጠባቂ አለ። ሁለት መንግሥታት ሆን ብለው ባዶ የተዉት መሬት! በሌሊት ከዚያ ወጥቶ ኬላውን የሚያንኳኳው ማን ነው? ጠባቂው ለማሳለፍ ምን ይቀበላል? ይህን ጽፎ መጨረስ የሚችል ሰው ከመካከላችሁ እንዳለ አምናለሁ፤ መጽሐፉን ለማንበብም እጓጓለሁ። ስም ሲቸግራችሁም የፈረስ ስም አለላችሁ፤ አባ ጅፋር፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው። ጀግናችሁ በፈረሱ ስም ከተጠራ ፈረሱ ሲሞት ስሙ ምን ይሆናል?

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። ዛር፣ ቆሌ፣ ቡዳ ሰው ዛሬም የሚያምንባቸው ናቸው። ቡዳ የሚለው ስም አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን ከማኅበርና ከጋብቻ ሲያገልል የኖረ ነው። ማታ ጅብ ስለሚሆን ሰው መጻፍ ካማራችሁ ታሪኩን ከእሱ ወገን ቆማችሁ ንገሩት፤ ብረቱን ሲቀጠቅጥ፣ ማረሻውን የሚገዛው ሰው ዓይኑን ሲሸሽበት አሳዩን።

ስለ አጻጻፍ ልማድ ብዙ አልልም። ስልክም ደብተርም ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ደብተሩ ይሻላል። ሰባት ቅጽ ከማቀዳችሁ በፊት በአንድ ቁጭታ የሚነበብ አጭር ልቦለድ ጽፋችሁ ጨርሱ። ቴሌግራም ላይ ስለቀው ይሰረቅብኛል ብላችሁ የምትሰጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ከተጻፈ ጀምሮ ጥበቃ አለው፣ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። የተጻፈበትን ቀን የሚያሳይ ረቂቅ ግን አስቀምጡ።

ከመልቀቃችሁ በፊት ለአንድ ሰው አንብቡለት። ልቦለድ የማያነብ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ታላቅ እህት፣ የቤት አከራይ፣ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ። «ወደድከው?» አትበሉት፤ እናንተን ላለማስከፋት አዎ ይላል። እያነበባችሁ ፊቱን እዩ፣ ስልኩን ያነሳበትን መስመር በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ማታ ከዚያ መስመር ሁለት አንቀጽ ወደ ኋላ ተመለሱና እንደገና ጻፉ፤ የላላው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።